የቁልፍ ያዥ ደመወዝ

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ ቤቴ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ፣ እኔ የኢሜይሌ ፓስወርድ ጠፍቶኝ የድሮ አጀንዳዬን ሳገላብጥ አየኝና ሳቀ። ሳቁ የክፋት አይደለም። ግን የሆነ የሚያሳክክ ነገር አለው፤ ኩራዝ ሲበራ ያየ የከተማ ልጅ ሳቅ ዓይነት።

«ጋሼ፣ እስካሁን በደብተር ነው የምትይዘው?»

«ታዲያ በምን ልያዘው?»

«ፓስወርድ ማኔጀር ግዛ እንጂ! በወር ሦስት ዶላር እኮ ነው። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ!»

ልጁ ሄዷል፤ ይህቺ «የአንድ ማኪያቶ ዋጋ» የምትል ነገር ግን አልሄደችም። ሰሞኑን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሚደግማት ሆናለች። የቢሮ ባልደረባዬ ይላታል፣ የሰፈራችን ኮምፒውተር አዋቂ ይላታል፣ በየመድረኩ ስለ «ዲጂታል ደኅንነት» የሚያስተምሩን ወጣቶችም ይሏታል። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ቁጭ ብለን እንደ ሰው እናስላው።

በወር 3 ዶላር በዓመት 36 ዶላር ነው። ዋንፓስወርድ የሚባለው ታዋቂ ድርጅት ለዓመታት ከአንድ ሰው ሲቀበል የኖረው ይህንኑ ያህል ነው። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። እኔ ለክርክሩ ስል በ100 ብር ብቻ ላስላው፤ 3600 ብር ይመጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል መነሻው 6000 ብር ነው። እንግዲህ ያቺ «ማኪያቶ» ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከግማሽ በላይ ጠጥታ ትነሳለች ማለት ነው። የማን ማኪያቶ እንደሆነች አላውቅም፤ የእኛ ሰፈር ግን አይደለችም።

ይህም ብሩ ሲገኝ ነው። ብሩ ቢገኝ በምን ይከፈላል? ደመወዛችን የሚገባበት የባንክ ካርድ ከአገር ውጭ ላለ ድርጅት ዶላር አይከፍልም። ያለው መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ነው። «እባክህ በአንተ ካርድ ክፈልልኝ» ይባላል። ዘመድ ይከፍላል። በዓመቱ ካርዱን ይቀይራል፣ ወይም ይረሳል፣ ወይም እናኮርፋለን። ክፍያው ሲቋረጥ አንዳንዶቹ ድርጅቶች የድሮውን እንድታይ ብቻ ፈቅደው አዲስ እንዳታስገባ ይዘጉብሃል። የቤትህን ሁሉ ቁልፍ በሰው ኪስ ላይ አንጠልጥለህ መኖር ጥንቃቄ ከተባለ፣ ጥንቃቄ ትርጉሙ ተቀይሯል።

እዚህ ላይ ጮቤ የሚረግጥ አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። «ድሮስ! እኔን ማን ይሰርቀኛል? ምን አለኝና?» የሚለው ወዳጄ ነው። ቆይ ወዳጄ፣ አትቸኩል። ከአክስቴ ልጅ ይልቅ የምጣላው ከአንተ ጋር ነው።

«ምን አለኝ» ትላለህ። ስም አለህ። ሌባው የሚፈልገው ገንዘብህን ብቻ ይመስልሃል? ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት የተከበሩ እናት የቴሌግራም አካውንታቸው ተሰረቀ። ሌባው የእሳቸውን ፎቶ፣ የእሳቸውን ስም ይዞ፣ ለዕድር አባላቱ፣ ለቤተ ዘመዱ፣ ለማኅበራቸው ሰው ሁሉ «ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ ድረስ በዚህ ሒሳብ ትንሽ ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን አበድረው እንጂ ተበድረው የማያውቁ ሴት ናቸውና ሰው ደንግጦ ላከ። ከላኩት አንዷ በጡረታ የምትኖር የልጅነት ጓደኛቸው ናት። ከሌባው ኪስ የገባው ብር ተመልሶ አልወጣም፤ ባልተበደሩት ዕዳ የሚሸማቀቁት እሳቸው ሆነው ቀሩ። እንግዲህ ምንም የለኝም የሚል ሰው የሚሰረቀው እንዲህ ነው። ስሙ ተሰርቆ ሌላው ሰው ይዘረፍበታል።

ይሄ አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር የማድረግ ልማዳችን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ተሰብሮ 32 ሚሊዮን ያህል ፓስወርድ ተዘረፈ። ድርጅቱ ሳይቆልፍ፣ እንደ ወረደ ጽፎ ያስቀመጠው ስለነበር ዓለም ሁሉ ቁጭ ብሎ አነበበው። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ፓስወርድ የትኛው ሆኖ ተገኘ? 123456። ከ290 ሺህ በላይ ሰው ይህንኑ መርጧል። ስለዚህ ይህ የእኛ ብቻ ስንፍና አይደለም፤ የሰው ልጅ ስንፍና ነው። ሌቦች ግን ሰነፎች አይደሉም። ከአንድ ቦታ የወጣውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይዘው በሌላው ሁሉ በር ላይ ይሞክሩታል፤ ሙከራውን የሚያደርገው ማሽን ስለሆነ አይደክማቸውም። አንተ ከአሥር ዓመት በፊት አንድ የዘፈን ገጽ ላይ የተመዘገብክበት ፓስወርድ ዛሬ የኢሜይልህ ፓስወርድ ከሆነ፣ ያ የረሳኸው የዘፈን ገጽ ሲሰበር ኢሜይልህም አብሮ ይሰበራል። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባል የለ?

ቁልፍ ያዡ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እኔ ፓስወርድ ማኔጀርን «ቁልፍ ያዥ» ነው የምለው። ሥራው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ በር ረጅምና የተለያየ ፓስወርድ ይፈጥራል፣ በአንድ ሳጥን ይከትታል፣ ሳጥኑን በአንድ ዋና ፓስወርድ ይቆልፋል። አንተ የምታስታውሰው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ጥሩ የሚባሉት ሳጥኑን የሚቆልፉት በአንተው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ራሱ ውስጡን ማየት አይችልም። የዚህም ዕዳ አለው፤ ዋናውን ፓስወርድ ከረሳኸው ለድርጅቱ ብታለቅስለትም አይከፍትልህም።

ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ክርክሬ ከቁልፍ ያዡ ጋር ሳይሆን ከደመወዙ ጋር ነው። ምክንያቱም የማኪያቶ ሰባኪዎቻችን የማይነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ይኸው ሥራ በነፃ ይሠራል። ቢትዋርደን የሚባለው ያለ ክፍያ የፈለግኸውን ያህል ፓስወርድ በፈለግኸው ያህል ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያስይዝሃል። ኪፓስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ አለ፤ ሳጥኑም በራስህ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል እንጂ የማንም ድርጅት ዘንድ አይሄድም። የጎግል ስልክ የያዘ ሰው የራሱ የጎግል ቁልፍ ያዥ ከስልኩ ጋር መጥቶለታል። አፕልም የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2024 ራሱን የቻለ መተግበሪያ አድርጎ አውጥቶታል። እነዚህን ሁሉ ዘለን ወደ ዶላሩ የምንሮጠው ለምንድነው? የከፈሉበት ነገር ሁሉ የተሻለ ስለሚመስለን ነው።

አይደለም። ላስትፓስ የሚባለውን እንውሰድ። በዘርፉ ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌቦች ገቡበትና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የደንበኞቹ ሳጥኖች ቅጂ መወሰዱን ራሱ አመነ። ሌባው ሳጥኑን እንደተቆለፈ ተሸክሞ ሄደ እንበል። ዋና ፓስወርዱ ጠንካራ ለሆነ ሰው ችግሩ ቀላል ነው። ደካማ ለሆነው ግን ሌባው ሳጥኑን ቤቱ አስቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ቁልፍ እየቀያየረ የፈለገውን ያህል ዓመት መሞከር ይችላል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ቁልፍ የየትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ የሚናገረው አድራሻ ሳይቆለፍ የተቀመጠ ነበር። የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ነው የደነገጠው። ሰውን ከሰው የለየው ዋና ፓስወርዱን ሲመርጥ ያሰበው ሐሳብ እንጂ የላከው ዶላር አይደለም።

ለነገሩ ነፃ ነው ብሎ መተኛትም አያዋጣም። ይኸው ላስትፓስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ነፃ ተጠቃሚዎቹን «ከስልክና ከኮምፒውተር አንዱን ምረጡ» ብሎ አጥብቦባቸዋል። ስለዚህ በነፃ ስትገባ መውጫውን አይተህ ግባ። ያስቀመጥኸውን ሁሉ አውጥተህ ወደ ሌላ የምትወስድበት መንገድ መኖሩን ሳታረጋግጥ አንድም ቁልፍ አታስረክብ። የመውጫው ጉዳይ ለሚከፍልም ላልከፈለም እኩል ነው።

አሁን ደግሞ ለእውነት እንፍረድ። መክፈል የሚገባው ሰው የለም ወይ? አለ። ቢትዋርደን ለብዙ ዓመታት በዓመት 10 ዶላር ብቻ ሲቀበል የኖረበት ተጨማሪ አገልግሎት አለው፤ ሰነድ ማስቀመጫ፣ ሁለተኛውን የማረጋገጫ ቁጥር ራሱ ማውጣት፣ እንዲሁም የምታምነው ሰው አንተ ብትታመም ወይም ብትሞት ከተወሰነ የመጠበቂያ ቀን በኋላ ሳጥንህን የሚከፍትበት መንገድ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። አባወራ በድንገት ሲሞት ስልኩ እንደተቆለፈ ሚስቱ እጅ የሚቀርበት ዘመን ላይ ነን። ማን ምን እንዳበደረው፣ የትኛው ባንክ ምን እንዳለው፣ የልጆቹ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሆኖም ይህንኑ ሥራ አንድ የታሸገ ፖስታ ይሠራዋል። ዋናውን ፓስወርድ ጽፈህ፣ አሽገህ፣ ለምታምነው ወንድምህ ወይም እህትህ ስጥ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን «እኔም እሞታለሁ» ብሎ የማሰብ ድፍረት ነው።

በእርግጥ መክፈል ያለበት መሥሪያ ቤት ነው። አምስት ሠራተኛ ያለው አንድ ትንሽ ድርጅት የግብር መክፈያውን፣ የኢሜይሉን፣ የፌስቡክ ገጹን ፓስወርድ ሁሉ በአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጣል። እሷ ተጣልታ በወጣች ማግስት ድርጅቱ በገዛ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ያንኳኳል። እንዲህ ላለው፣ ማን የትኛውን ቁልፍ እንደያዘ የሚያሳይና ሰው ሲለቅ ቁልፉን የሚነጥቅ የክፍያ አገልግሎት ዋጋውን በሁለት እጥፍ ይመልሳል። ግን ይህን የሚከፍል ሥራ አስኪያጅ ስንት ነው? የእኛ አለቆች የደኅንነት ፖሊሲ «በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሩ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። ሠራተኛውም «ሰላም1» የነበረውን «ሰላም2» ያደርግና በብጫ ወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም የጻፉት ቢል በር የሚባሉ ሰው በ2017 «ተጸጽቻለሁ» ብለዋል፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለውጦታል። ጻፊው ከተጸጸተ ዓመታት አለፉ፤ የእኛ አለቆች ግን እስካሁን ማስታወቂያውን አላነሱም።

ለአክስቴ ልጅና ለመሰሎቹም አንድ ሐሳብ አለኝ። እናንተ ዶላር የምታገኙ ናችሁና ክፈሉ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን የቤተሰብ የሚባለው ክፍያ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው የሚበቃ ነው። እዚህ ያለችውን እናትህን በአንዱ ቦታ አስገባት። ከዚያ ቁጭ ብለህ፣ በቪዲዮም ቢሆን፣ ሳትሰለች አስተምራት። «በማኪያቶ ዋጋ» ብሎ ከመስበክ ይህ ይሻላል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚሁ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ስልክ ገዛሁ። የሸጠልኝ ልጅ «ኢሜይል አለህ ጋሼ?» አለኝ። የነበረኝን አላስታወስኩትም። «ችግር የለም፣ እኔ እከፍትልሃለሁ» ብሎ በሁለት ደቂቃ ከፈተልኝ። ፓስወርዱን እሱ አወጣው። የማስታወሻ ስልክ ሲጠየቅ የራሱን ቁጥር አስገባ። እኔ አመስግኜ፣ ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ። እናንተስ ስልካችሁን ማን ከፈተላችሁ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንላለን፤ ቁልፋችንን ግን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የስልክ ቤት ልጅ ነው።

እናቴ በታመመችበት ዓመት ያነሳኋት ፎቶ ሁሉ፣ ድምፅዋን የቀዳሁበት ሁሉ፣ በዚያ ስልክ ገብቶ ወደዚያ ኢሜይል ይሄድ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተወሰደ። አልደነገጥኩም፤ «ሁሉም ኢሜይሉ ላይ አለ» አሉኝና። በሌላ ስልክ ልከፍት ስሞክር ፓስወርድ ጠየቀኝ። አላውቀውም። «በስልክ ቁጥርዎ ኮድ ልኬያለሁ» አለኝ። ቁጥሩ የእኔ አይደለም። ወደ ስልክ ቤቱ ሄድኩ፤ ጁስ ቤት ሆኗል። ልጁ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ፎቶዎቹ አንድ ቦታ አሉ፤ ጠፉ አይባልም፤ እኔ ግን አላገኛቸውም።

በእናንተ ሞት ንገሩኝ፤ በዓመት 36 ዶላር ብከፍል ኖሮ ያድነኝ ነበር? የማላውቀውን ቁልፍ የትኛው ቁልፍ ያዥ ይይዝልኛል? ጎረቤቴንስ ያድናቸው ነበር? ሌባው እኮ ፓስወርድ አልሰበረም። ደውሎ «ከድርጅቱ ነው፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው፤ ነገሩት። በአፍ የሚወጣን ቁጥር በዶላር የተገዛ ሳጥን አይዘጋውም። ቴሌግራም ላይ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ ፓስወርድ የሚጠይቅ መቆለፊያ አለ፤ ማብራቱ በነፃ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ማንም አልነገራቸውም። እኔም ጎረቤታቸው ሆኜ አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ለብዙዎቻችን ክፍያው አያዋጣም። ቁልፍ መያዝ ግን ግዴታ ነው፤ ያውም ዛሬ። ሳይቃጠል በቅጠል። ስልክህን ክፈትና ኢሜይልህ ላይ ያለው የማስታወሻ ቁጥር የማን እንደሆነ እይ። ያንተ ካልሆነ ይህን ጋዜጣ አስቀምጠህ አሁኑኑ ቀይር። ከነፃዎቹ አንዱን ቁልፍ ያዥ ምረጥ። ለዋናው ፓስወርድ የልጅህን ስምና የልደት ዓመት አታድርግ፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍና ደርድር፤ ተረትም የታወቀ ዘፈንም አይሁን። በስልክ የመጣልህን ኮድ ለማንም አትንገር፤ «ከባንክ ነኝ» ላለህም፣ በተለይ «ከባንክ ነኝ» ላለህ።

ይህ ሁሉ ከበዛብህ ደግሞ ደብተር ግዛ። አትፈር። ብሩስ ሽናየር የሚባለው የታወቀ የምስጢር ጥበቃ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ሰዎች ጠንካራ ፓስወርድ እየመረጡ ወረቀት ላይ ጽፈው በኪስ ቦርሳቸው እንዲይዙ መክሯል። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ የደብተርህን ገጽ ሊገልጥ አይችልም። የቤት ሌባ ይችላል፤ እሱን ደግሞ የምታውቀው አንተ ነህ። ደብተሩን ኮምፒውተሩ ሥር ሳይሆን ልብስ ከሚቆለፍበት ሳጥን አስቀምጠው።

እናቴ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበረቻት። ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘው ነበር፤ ስትተኛም አትፈታውም። ለቁልፍ ያዥ አንድም ቀን ሳንቲም አልከፈለችም። ስትደክም ግን ራሷ ፈትታ ለታላቅ እህቴ ሰጠቻት፤ «የቱ ምን እንደሆነ ላሳይሽ» ብላ አንድ በአንድ አሳየቻት። ከእሷ ሳጥን አንድም ነገር አልጠፋም። የጠፋው እኔ ዘንድ የነበረው ነው።